የካፒቴን ወንዳፍራሽ እንቅልፍ

ቱግ ባይ ነህ ይሉኛል። እሺ፣ ነኝ! ግን እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑና አትቆጡ። ሰው እንዴት በዶሮ ወጥ ምክንያት የበረራ ፈተና ይወድቃል? እኛ ወደቅን።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት ነው። አየር መንገዳችን አዲስ አውሮፕላን አዝዞ፣ እሱን ተረክበን እንድንመጣ ሲያትል ተላክን። ካፒቴን ወንዳፍራሽ ዋና አብራሪ፣ እኔ ንዋይ ረዳታቸው። አውሮፕላኑን ከመንካታችን በፊት ግን ስልጠና ጨርሰን ፈተና ማለፍ ነበረብን። ፈተናው ሲሙሌተር ውስጥ ነው። ሲሙሌተር ማለት ከውጭ ሲያዩት እግር ያወጣ ትልቅ ሳጥን፣ ውስጡ ሲገቡ ግን ቁርጥ የአውሮፕላኑ መሪ ክፍል ነው። መሬት ላይ ቆሞ ይናወጣል፣ ይጮሃል፣ ሰውን ላብ በላብ ያደርጋል።

ካፒቴን ወንዳፍራሽ ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከድሮዎቹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ጀምሮ ያልነዱት የለም። "ይህቺን አገሬ አስገብቼ ከዚያ ቤቴ ቁጭ እላለሁ" ይሉ ነበር፣ የመጨረሻ ልጁን እንደሚድር አባት። እስከዚያ ድረስ ግን ሲበሩ የኖሩት ከኋላቸው የበረራ መሐንዲስ ተቀምጦ ነው። ካፒቴኑ ፈዘዝ ካሉ መሐንዲሱ ትከሻቸውን ነካ ያደርጋል። አዲሱ አውሮፕላን የተሠራው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ባዶውን የኋላ ቦታ ዞር ብለው አዩና፣ "እንግዲህ ትከሻዬን የምትነካው አንተ ነህ" አሉኝ። ሳቅሁ። የእሳቸውን ትከሻ ማን ይነካል? እኔን በረራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው!

ማረፊያችን ሆቴል ነበር። ለአንድ ቀን። በማግስቱ የካፒቴን የአጎታቸው ልጅ፣ እትዬ እናኑ፣ ከምትሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት በቀጥታ መጥታ የሆቴሉ መግቢያ ላይ ቆመች። "ሆቴል? እኔ እያለሁ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል!" ካፒቴንን "ወንድምጋሼ" ነው የምትላቸው፤ እንባዋ ደግሞ ቅርብ ነው። ሻንጣችንን ጭና ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ካለው ቤቷ ወሰደችን። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ። ቤቱ ደስ ይላል፣ መስኮቱ ከተማውን ያሳያል። ችግሩ ስልኩ ነው።

ስልኩ አያርፍም። ያኔ ሲያትል ያለው የእኛ ሰው ብዙ አይደለም፣ ያለው ሁሉ ግን መምጣታችንን ሰምቷል፤ ምክንያቱም ሻንጣችን ሙሉ ደብዳቤ ነበር። የእናት ደብዳቤ ይዞለት የመጣን ሰው ሳያበላ የሚሸኝ ማን አለ? ተራ ተያዘልን። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። "በሞቴ ይቺን ብቻ!" "አፈር ስሆን!" ካፒቴን እምቢ ማለት አይችሉም። ሳህኑ ሲሞላ አየት አድርገው አህም ብለው ይስላሉ፤ በቃ፣ እምቢታቸው ያ ነው። ሳሉን ማንም አይሰማውም። ከምግቡ በኋላ ጨዋታው ይመጣል፤ እገሌ ደህና ነው ወይ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው፣ እገሊት አገባች ወይ። ሰዓቱ ይነጉዳል። ስንመለስ የሚቀረን እንቅልፍ የድመት እንቅልፍ ነው። በዚያ ላይ ሰውነታችን ገና ግማሹ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ከምሳ በኋላ ሲሆን እሱ እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ይተኛል።

እንግዲህ የሁለት ሳምንቱ ስልጠና አልቆ የፈተናው ቀን፣ ዓርብ ልክ ከምሳ በኋላ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገባን። ፈታኛችን ሚስተር ኦልሰን የሚባሉ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላችን ተቀምጠው ማዕበሉንም ብልሽቱንም በቁልፍ ይልኩብናል። መጀመሪያ ጥሩ ነበርን። ሞተር አጠፉብን፣ ካፒቴን እንደ ጨዋታ አደረጉት። ችግሩ የመጣው ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ነው። ወደ አምስት ሺህ ጫማ ውረዱና እዚያ ቁሙ ተባልን። መውረድ ጀመርን። ካፒቴንን በጎን አየሁ። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ግን የሚያይ ዓይን አይደለም። የከፍታ መለኪያው መርፌ አምስት ሺህን ሊነካ ነው።

"አህም" አልኩ።

ምንም። መርፌው አለፈ።

"አህም! አህም!" አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪላጥ።

ካፒቴን ብንን ብለው መሪውን ሲስቡ ከታዘዝነው ከፍታ በጣም ወርደን ነበር። በእውኑ ዓለም ቢሆን ከታች ሌላ አውሮፕላን ሊኖር ይችላል። ሚስተር ኦልሰን ሁሉንም አቆሙት። መብራት አበሩና መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

"ጉንፋን ይዞሃል?"

"አልያዘኝም።"

"ታዲያ ምን ያስልሃል?"

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ካፒቴን አንገታቸውን ደፍተዋል። "አባቴ ማለት ናቸው" አልኩ በመጨረሻ። "ተኝተሃል አይባሉም።"

ሽማግሌው አልሳቁብኝም። "ነዳጅ ሲጎድል መለኪያ አለን" አሉ። "ለእንቅልፍ የሠራነው መለኪያ የለም። ያለን አፍ ብቻ ነው። የደከመው ሰው መድከሙን የሚያውቀው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያየ ይናገር፣ የተሰማውም ይናገር። ሳል መመሪያው ላይ የለም።" ከዚያ መርዶውን ነገሩን። ሰኞ አንድ ዕድል አለን። ሰኞ ከወደቅን አዲስ አበባ ይነገራል፤ ሌላ ካፒቴንና ሌላ ረዳት መጥተው አውሮፕላኑን ይወስዳሉ፣ ካፒቴን ወንዳፍራሽ እንደ ማንም መንገደኛ ትኬት ይዘው ይመለሳሉ።

ሶዶ በሚባለው የሲያትል የመጋዘን ሰፈር በኩል በመኪና ተመለስን። ካፒቴን በመስኮት እያዩ ቆይተው፣ "ማታ እነ ይርጉ ጋ ቃል አለብን" አሉ።

"ምን? ጋሼ! ቃሉ ገደል ይግባ!" አልኳቸው። አወጣሁት!

"ሰውዬው በግ ገዝቷል፣ ንዋይ።"

ሄድን። ምን ላድርግ፣ በጉ ተገዝቷል! ጋሽ ይርጉ መሐል ከተማ መኪና የሚያቆም ሠራተኛ ነው፣ ደግ ሰው፤ የበጉን ምርጥ ምርጡን ለካፒቴን ሲያጎርስ አመሸ። እኔ ጥግ ይዤ ስበግን አመሸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆረጥኩ። ስልኩን ጎኔ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሲደውል፣ "ካፒቴን ትንሽ አሟቸዋል፣ ለሁለት ቀን ሰው አያገኙም" አልኩ። ሁለተኛው ሲደውል፣ "አሟቸዋል" አልኩ። ሦስተኛ አልተደወለም። ስልኩ ጸጥ አለ! ካፒቴን ምሳ በልተው ጋደም አሉ። በራሴ እንዴት እንደ ኮራሁ! ለካ ስልኩ ጸጥ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተደዋወለ ስለነበር ነው።

አያችሁ፣ የእኛን ሰው እንግዳ ደክሞታል ብትለው፣ ትንሽ በልቶ ይተኛ ይላል። ታሟል ብትለው ግን ማን ቤቱ ይቀመጣል? ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ፈረንጅ አይደለሁ!

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ይርጉ ነው፣ ጸበል በጠርሙስ ይዟል። ከኋላው ሰዎች አሉ፤ ብርቱካን የያዘ፣ አጥሚት በፔርሙዝ የያዘ። "እንዴት አደሩ? እውነት ነው ልባቸው ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"የምን ልብ? ራስ ምታት ነው!"

"አትደብቀን፣ ንዋይ። ኦፕሬሽን አለባቸው ብለው ኮል አደረጉልኝ።"

ሳልመልስለት ሌላ መኪና ፓርክ አደረገ። ገመዳ ነው፣ ታክሲ ነጂው፤ ከነቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መጥቷል። "ሶ፣ እጅ ጭነን እንጸልይላቸው" አለ። ጋሽ ይርጉ ጸበሉን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ "መጀመሪያ ይቺን ይቅመሱ እንጂ" አለ። "ኦኬ፣ እኛም አንቆይም" አለ ገመዳ። ሁለቱ ተፋጠጡ፣ እኔ መሐል ቆሜያለሁ። ሳሎኑ ሞላ፣ ደረጃው ሞላ። ያኔ እትዬ እናኑ ከሥራ ገባች። በሯ ላይ የተከመረውን ጫማ፣ ሳሎኗ ውስጥ አንገቱን የደፋውን ሰው አየችና ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

"ወይኔ ወንድምጋሼ!"

ጩኸቷ ጎረቤት ተሻገረ። ከጓዳ በኩል በሩ ተከፈተና ካፒቴን ወንዳፍራሽ በቢጃማ፣ ጸጉራቸው ቆሞ፣ ወጡ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው ሁሉ መሳል ጀመረ። አህም ከዚህ፣ አህም ከዚያ።

"ማን ሞተ?" አሉ ካፒቴን።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "እንዲተኙ ብዬ ነው። ታመዋል አልኩ።" ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። በጥፊ ያጮሉኛል ብዬ ነበር። አላደረጉትም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹ።

"አልታመምኩም" አሉ። "እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ወገኖቼ፣ ደግሳችሁ ደግሳችሁ ልትገድሉኝ ነው። ነገ ፈተና አለብኝ። ባለፈው ወድቄያለሁ።"

እንዲህ ያለ ነገር እንግዳ አፍ ላይ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ እናኑ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ፣ አለቀ፣ ሰው ሁሉ ተቀይሞ ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ይርጉ ግን ጸበሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ኧረ ተመስገን!" አለ። "እኔም እኮ ሞቻለሁ! ጎህ ሳይቀድ ነው ሥራ የምገባው። በየቤቱ እናንተን ለማጀብ ስዞር ሰነበትኩ። አንድ ቀን ብቀር ካፒቴን ይቀየሙኛል ብዬ!"

"እኔ ደግሞ" አለ ገመዳ፣ "ትናንት ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ከኋላ ሆርን ሲያደርጉብኝ ነው። መንገደኛውም አብሮኝ ተኝቷል።"

"ታዲያ ለምን ትጠሩናላችሁ?" አልኩ እኔ፣ ቱግ ብዬ።

"እንግዳ እንዳይቀየም ነዋ!"

"እኛስ የምንመጣው" አሉ ካፒቴን፣ "ባለቤቱ እንዳይቀየም አይደል?"

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ እናኑ ናት፣ ነጠላዋ ውስጥ ሆና። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ሲሳቅ በሁለት ሳምንት ድግስ አላየሁም። ማንም "እስቲ ትንሽ ቅመሱ" ሳይል፣ ጸሎቱም በአጭሩ፣ ጸበሉም በአጭሩ ሆኖ፣ ሰዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው አንድ በአንድ ወጡ። የቀረው ጋሽ ይርጉ ብቻ ነው። ሶፋው ላይ አጥሚቱን እንደያዘ ተኝቷል። እትዬ እናኑ ፔርሙዙን ከእጁ ቀስ ብላ ወስዳ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችበትና ለሌሊት ፈረቃዋ ተመልሳ ወጣች።

ካፒቴን ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋቸው ገቡ። ደስ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልቤን ይበላው ነበር፤ ለእነ ጋሽ ይርጉ ድካማቸውን ነገሩ እንጂ መሪ ይዘው ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም። ነገ ደግመው ቢፈዙ፣ አፌ ይከፈት ይሆን? ይህን እያሰላሰልኩ ልተኛ ስል ጀመሩ። ማንኮራፋቱን ማለቴ ነው! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የሁለት ሳምንት ዕዳ በአንድ ጊዜ ሲከፈል! መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ትራስ ጆሮዬ ላይ ጫንኩ፣ ጥጥ ወተፍኩ፣ ሳሎን ልሂድ ብል ሶፋውን ጋሽ ይርጉ ይዞታል፣ እሱም ያንኮራፋል። ነጋ።

ሰኞ ጠዋት ካፒቴን እንደ ሙሽራ ተነሡ። እያፏጩ ተላጩ። እኔ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለኛል። ሚስተር ኦልሰን ሳጥኑ በር ላይ፣ "እንቅልፍ እንዴት ነበር?" ሲሉ ካፒቴን "ግሩም!" አሉ። እኔም "ግሩም" አልኩ። ምን ልበል? ሳምንቱን ሙሉ ስለ እንቅልፍ ስለፍፍ የነበርኩት እኔ ነኝ!

ፈተናው ጀመረ። ካፒቴን ያበራሉ፣ እኔ መለኪያዎቹን እያየሁ ከፍታና ፍጥነት እጠራለሁ። እሳት መጣ፣ አጠፋን። አንድ ሞተር ጠፋ፣ በአንዱ ቀጠልን። ካፒቴን ንቁ ናቸው፣ እጃቸው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ከዚያ ጭጋግ ውስጥ ገብተን ለማረፍ መውረድ ጀመርን፣ መስኮቱ ነጭ ብቻ፣ ድምፁ ወጥ። አንዱ መርፌ ሁለት ሆነብኝ። አገጬ ደረቴን ነካ፣ ቀና አልኩ። ቁጥር መጥራት ነበረብኝ፣ የቱ ቁጥር እንደሆነ ጠፋኝ። ብናገር ፈተናው ሊሄድብን ነው፤ የእሳቸው አውሮፕላን፣ የእሳቸው መጨረሻ። ዝም ብል ደግሞ...

"አህም" አልኩ። ፈጣሪዬ! ሳልኩ!

ካፒቴን ዓይናቸውን ከመለኪያው ሳያነሡ፣ "ንዋይ፣ ሳሉ አልገባኝም" አሉ። "ተናገር።"

"ጋሼ... እንቅልፍ ነው። ቁጥሮቹ እየጠፉብኝ ነው።"

አንድ ሴኮንድ አላመነቱም። "ማረፉን ትተናል፣ ወደ ላይ" አሉ። ጉልበቱን ጨመሩ፣ አውሮፕላኑን አነሡ፣ ጭጋጉ ላይ ሆነን የምንዞርበት ቦታ በሬዲዮ ጠየቁ። ሁሉንም ብቻቸውን። ዙሪያውን መዞር ስንጀምር በራሱ እንዲበር አደረጉትና ውኃ አቀበሉኝ።

"ጠጣ። ለምን አልተኛህም?"

"እርስዎ ሲያንኮራፉ ነዋ!"

"እኔ?" አሉ፣ በጣም ረጋ ብለው። "እኔ እንኳ አላንኮራፋም።"

"አያንኮራፉም?!" ደሜ ፈላ። "መስኮቱ እኮ ሊረግፍ ነበር! ሶፋው ላይ ያለው ሰውዬ አጃቢ ሆኖልዎት፣ እኔ ጥጥ ስጠቀጥቅ አድሬ፣ አላንኮራፋም ይበሉኝ?!"

"እናኑ እንኳ ምንም አልሰማሁም ብላለች።"

"እትዬ እናኑማ ሥራ ነበረች! ኧረ ጋሼ፣ ኧረ ይህ ግፍ ነው!"

ዞር ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ አለ። "ነቃህ?"

መርፌው አንድ ሆኗል። ቁጥሮቹ ሁሉ ቁልጭ ብለዋል። የወለደችኝ እናቴ እንኳ እንዲህ አታውቀኝም ብል አጋነንክ እንዳትሉኝ፤ እኚህ ሰው ስቆጣ እንደምነቃ ያውቃሉ! "ነቅቻለሁ፣ ካፒቴን" አልኩ። "እስከ መሬት አደርሳለሁ። ከተመለሰብኝ እናገራለሁ።"

"በል እንውረድ" አሉ። ቁጥሮቹን አንድ ሳላጎድል ጠራሁ። እንደ ላባ አረፍን።

ሚስተር ኦልሰን መብራቱን አበሩ። እኔ ወንበሬን ይዤ የመጣውን ልቀበል ተዘጋጀሁ።

"ምን ነበር የተባባላችሁት?" አሉ።

"ስለ ማንኮራፋት ነው" አሉ ካፒቴን።

"ቋንቋው አልገባኝም፣ ነገሩ ግን ገብቶኛል። ብዙ ሰው ፈትኛለሁ። በፈተና ቀን ደከመኝ ብሎ የተናገረ የለም፤ ማረፉን ትቶ ጓደኛው እስኪነቃ የዞረም የለም።" እጃቸውን ዘረጉ፣ መጀመሪያ ለእኔ። "አልፋችኋል። ውሰዷት።"

በመጨረሻዋ ቀን አውሮፕላናችን እያንጸባረቀች ቆማ ሳለ ሰዉ ሁሉ አጥሩ ጋ መጣ። ማንም ድስት አልያዘም፣ ከእትዬ እናኑ በቀር፤ እሷን ማን ይችላታል! ጋሽ ይርጉ በአጥሩ ላይ አንድ ነገር አቀበለኝ። አዲስ ትራስ ነው። "ለካፒቴን ስጥልኝ" አለ። "እርስዎን ደግመን እስክናይ በደንብ ይተኙ በላቸው።"

ተነሣን። ካናዳ ላይ ስንደርስ በረዶው ከታች እስከ አድማስ ተዘርግቶ በፀሐይ ያብረቀርቅ ነበር። ከኋላ፣ ሰፊው ባዶ የመንገደኛ ክፍል ውስጥ፣ ለረጅሙ መንገድ የመጡ ተተኪ ካፒቴን ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ካፒቴን ወንዳፍራሽ ልጃቸውን ድረው የሸኙ መስለው ነበር፤ አልፎ አልፎ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ይነካሉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ፤ ተዉት።

"ንዋይ" አሉ።

"አቤት፣ ጋሼ።"

"ደከመኝ።"

ስንት ዘመን አብሬያቸው በርሬ ይህን ቃል መሪ ላይ ሆነው ሲያወጡት የመጀመሪያው ነው፤ እውነት ለመናገር ዓይኔ እንባ ሞላ። መሪውን ተቀበልኩ፣ ተተኪውን ካፒቴን ጠራሁ። "ይተኙ" አልኳቸው። "እኔ አለሁ።"

የጋሽ ይርጉን ትራስ ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ያ ማንኮራፋት በበሩ በኩል መጣ። ተተኪው ካፒቴን፣ "ምንድነው? ሞተሩ ነው?" ብለው ደነገጡ።

"አይደለም" አልኩ። "ካፒቴን ናቸው። ትከሻቸውን እንዳይነኩ።"